ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች፣ የከርሰ ምድር ውሃና የጎጃም ድንጋይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ቦኖ ላይ ወረፋ ሲጠበቅ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ሳይቀር የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ።

ጨረር አመንጪ ነገር የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል? ማን ከተተው?

ማንም አልከተተውም። አብዛኛው ከጥንትም ድንጋዩ ውስጥ የነበረ ነው። ዩራኒየምና ቶሪየም ምድር ስትፈጠር አብረው ነበሩ፤ እስካሁንም አላለቁም። ዩራኒየም-238 በግማሽ ለመቀነስ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እየፈረሰ ሄዶ ከብዙ ደረጃ በኋላ ራዲየም ይሆናል። ራዲየም ደግሞ ራዶን የሚባል ጋዝ ይወልዳል። የክረምት ዝናብ ወደ ታች ሰርጎ በድንጋዩ ስንጥቅ ሲያልፍ፣ ከእነዚህ ጥቂት ጥቂቱን አሟሙቶ ይዞ ይሄዳል።

ሰው የጨመረውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአየር ላይ የተካሄዱት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ሲዚየም-137ንና ስትሮንሺየም-90ን በዓለም ዙሪያ በትነዋል። ከዝናብ ጋር ወረዱ። ቾቄም አልቀረለትም። እነዚህ ከላይ የመጡ ስለሆኑ ታሪካቸው ትንሽ ይለያል፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

የጎጃም ውሃስ? የእኛ ድንጋይ ያሰጋል ወይ?

በደፈናው ሲታይ ዕድለኞች ነን። ጎጃም በአብዛኛው የተቀመጠው ባዝልት ላይ ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ሆድ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ። ቾቄ ራሱ ከዚያ በኋላ የተከመረ አሮጌ እሳተ ገሞራ ነው። ባዝልት ደግሞ በዩራኒየም ድሃ ነው። አንድ ቶን ባዝልት ውስጥ ያለው ዩራኒየም ብዙ ጊዜ አንድ ግራም አይሞላም። አንድ ቶን ግራናይት ውስጥ ግን ከ3 እስከ 5 ግራም የተለመደ ነው።

ታዲያ ጎጃም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በመኪና የወረደ ሰው በመስኮት ሲያይ ይገባዋል። መጀመሪያ ጥቁሩ ባዝልት፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጅፕሰም፣ ከታች የአሸዋ ድንጋይ። እያንዳንዱ ንጣፍ ለውሃው የራሱን ጠባይ ያወርሰዋል። ስለዚህ «የጎጃም ውሃ ምንም አይለውም» ብሎ በጅምላ መማል አይቻልም። የአንድ ጉድጓድ መልስ የሚገኘው ያው ጉድጓድ ሲለካ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የዩራኒየም ጣሪያ በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው።

ቀምሼ ወይም አይቼ ማወቅ እችላለሁ?

አይቻልም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ውሃው ዝገት ዝገት ካለ ብረት በዝቶበታል ማለት ነው፤ ስለ ዩራኒየም ምንም አይነግራችሁም።

«ድንጋይ ላይ ይጣበቃል» ሲባል እንደ ሙጫ ነው?

አንዳንዴ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። በጣም የተለመደው መንገድ መቀያየር ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣት ገጹ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ውሃ ውስጥ ከሟሙት ንጥረ ነገሮች ብዙዎቹ ደግሞ ፖዘቲቭ ናቸው። ስለዚህ ይሳሳባሉ። የቅንጣቷን ገጽ እንደ ሚኒባስ ወንበር አስቡት። ካልሲየም ተቀምጧል። ስትሮንሺየም ሲመጣ ካልሲየም ይወርዳል፣ ስትሮንሺየም ቦታውን ይይዛል። ወንበሩ መቼም ባዶ አይሆንም። ግን በሚቀጥለው ፌርማታ ካልሲየም ግር ብሎ ከተሳፈረ፣ ስትሮንሺየሙም በተራው ተገፍቶ ይወርዳል።

ሁለተኛው ጠንከር ይላል። ዝገት መሰል የብረት ማዕድናት ገጽ ላይ ያለው ኦክስጅን ዩራኒየምን ይዞ ይቋጥረዋል። ይህ እውነተኛ ኬሚካዊ ቋጠሮ ነው፤ ሌላ መንገደኛ ስለመጣ ብቻ አይፈታም። ሦስተኛው ጭራሽ መቀበር ነው። ንጥረ ነገሩ አዲስ እየተሠራ ባለ ማዕድን ሆድ ውስጥ ይገባል። ራዲየም በጠባዩ የባሪየም ወንድም ስለሆነ፣ ባሪየም ሰልፌት ውሃው ውስጥ ጠጥሮ ሲወርድ ራዲየምም አብሮ ይታሰራል። የሚወጣው ማዕድኑ ራሱ ሲሟሟ ነው።

ዋልካና ቀይ አፈር፤ የትኛው የበለጠ ይይዛል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም የጎጃም ሰው መልሱን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። በሐምሌ ዋልካ ላይ ሁለት እርምጃ ስትራመዱ ጫማችሁ ኪሎ ይጨምራል። በየካቲት ያው መሬት እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጣጠቃል። ማበጡም መሰንጠቁም ስሜክታይት ከሚባል የሸክላ ማዕድን የመጣ ነው። ስሜክታይት እንደ ተደራረበ እንጀራ ነው፤ ውሃ በየንብርብሩ መሃል ይገባል፣ ሲደርቅ ይወጣል። የአንድ ግራም ስሜክታይት ንብርብር በሙሉ ቢዘረጋ 700 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አሥር ግራሙ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ያለብሳል። ወንበሩ የበዛው ለዚህ ነው።

ቀይ አፈር ሌላ ነው። ሸክላው በአብዛኛው ካኦሊናይት ነው፤ አያብጥም፣ ወንበሩም ጥቂት ነው። ስለዚህ ለስትሮንሺየምና ለራዲየም ዋልካ ይበልጣል። ለዩራኒየም ግን ቀዩን የናቀ ተሳስቷል። ያ ቅላት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዩራኒየም ደግሞ ለብረት ኦክሳይድ ልቡ ስስ ነው።

ቀይ አፈር ከላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር በየጥቂት ሜትሩ የሚወጣው ፍርካሽ ጎን ለጎን ይደረደራል። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፤ ከዚያ ድንገት እንደ በርበሬ የቀላ ጭቃ። ያ በሁለት የላቫ ፍሰቶች መሃል የተቀበረ የጥንት አፈር ነው። አንዱ ፍሰት ቀዝቅዞ አፈር እስኪሆን ቆይቶ፣ ሌላው መጥቶ ጋገረው። ቁፋሮ ላይ ያሉ ልጆች አይወዱትም፤ ይንዳል፣ ውሃም አይሰጥም። እኔ ሳየው ደስ ይለኛል። ከላይ ለሚወርደው ውሃ ቀጭን ማጥለያ ነው።

ሁሉም ንጥረ ነገር እኩል ይያዛል?

በፍጹም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ አስቡ። በየደጁ «ኧረ ቤት ለእንግዳ፣ ቡና ደርሷል!» ይባላል። ቶሪየምና ፕሉቶኒየም እምቢ ማለት አያውቁም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጡ አይነሱም፤ ከዚያ ቀጣዩ ቤት ይገባሉ። ሲዚየም ይባስ ብሎ እዚያው ጎጆ ይወጣል። ኢላይት በሚባለው ሸክላ ጠርዝ ላይ ለፖታሲየም ልክ የተሠራ ጠባብ ቦታ አለ፤ ሲዚየም ገብቶበት ይቀራል።

አዮዲን-129ና ቴክኒሺየም-99 ግን ማንም ቡና አይጠራቸውም። አየር በደረሰው ውሃ ውስጥ ሁለቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዘው ነው የሚጓዙት፤ ሸክላውም ኔጌቲቭ ነው፣ ይገፋቸዋል። ከውሃው ጋር እኩል ይሄዳሉ። የቴክኒሺየም-99 ግማሽ ዕድሜ (በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጅበት ጊዜ) 211 ሺህ ዓመት፣ የአዮዲን-129 ደግሞ 15.7 ሚሊዮን ዓመት ነው። የኑክሌር ቆሻሻ የሚቀብሩ መሐንዲሶችን እንቅልፍ የሚነሷቸው እነዚህ ናቸው። ስሙ የሚያስፈራው ፕሉቶኒየም በዚህ ረገድ የዋህ ነው፤ ይህንን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ።

ዩራኒየምስ? እሱ እንደ ቀኑ ነው። ትንሽ ቆይቼ አወራዋለሁ።

መያዙ በቁጥር ይለካል?

ይለካል። ዱቄት የሆነ ድንጋይና ውሃ አንድ ላይ ይናጣሉ። ረግቶ ሲያበቃ አንድ ግራም ድንጋይ ላይ ያለው፣ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ካለው ስንት እጥፍ እንደሆነ ይታያል። ባለሙያዎች የስርጭት መጠን ይሉታል። መቶ እጥፍ ከሆነ ቁጥሩ 100 ነው።

ከዚህ ፍጥነቱ ይወጣል። የአፈሩ ክብደት በአንድ ሚሊ ሊትር 1.6 ግራም፣ ክፍተቱ 40 በመቶ ነው እንበል። 1.6ን ለ0.4 አካፍሉ፤ 4 ይሆናል። በ100 አባዙና 1 ደምሩ፤ 401። ውሃው 401 ሜትር ሲሄድ ንጥረ ነገሩ 1 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ቁጥሩ 1 ቢሆን ኖሮ ውሃው 5 ሜትር ሲሄድ እሱ 1 ሜትር ይሄዳል። ዜሮ ከሆነ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ልብ በሉ፣ ይህ ለአፈርና ለላላ ድንጋይ ነው። የእኛ ባዝልት ውሃውን የሚያስኬደው በስንጥቅ ስለሆነ፣ ውሃው የሚነካው የስንጥቁን ግድግዳ ብቻ ነው። የዱቄቱን ቁጥር ወስዶ እንዳለ ስንጥቅ ላይ መለጠፍ የጀማሪ ስህተት ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ።

አንዴ ከተጣበቀ ተመልሶ ይለቃል?

ይለቃል። ዋናው ነገር ይኸው ነው። ድንጋይ ካዝና አይደለም፤ የውሃው ጠባይ ሲለወጥ የያዘውን ይመልሳል።

ዩራኒየምን እንይ። ኦክስጅን በሌለበት፣ ለምሳሌ ደንገል በሚበቅልበት ረግረግ ጥቁር ጭቃ ውስጥ፣ ዩራኒየም የማይሟሟ ጠጣር ሆኖ ይቀመጣል። ኦክስጅን ሲያገኘው መልኩን ይለውጥና ይሟሟል። ያኔም ቢሆን የብረት ማዕድን አግኝቶ ሊያዝ ይችላል። ካርቦኔት (ከኖራ ድንጋይ ሟሙቶ ውሃው ውስጥ የሚገባው) ከመጣ ግን ነገር ተበላሸ። ካርቦኔት ዩራኒየምን ዙሪያውን ከቦ ያጅበዋል፤ ካልሲየም ሲጨመርበት አጀቡ ይብሳል። እንዲህ የታጀበ ዩራኒየም ድንጋይ ላይ ለመቀመጥ ምክንያት የለውም። የኖራ ድንጋይ ያለበትን የዓባይ ሸለቆ ውሃ ከላይኛው የባዝልት ውሃ ለይቼ ማየት የምፈልገው ለዚህ ነው። የካርቦኔት ዘመድ የሆነው ባይካርቦኔት በባዝልት ውሃም ውስጥ አለ፣ መነሻው ዩራኒየም ግን ትንሽ ነው።

የሰው እጅም ይገባበታል። ጉድጓድ ከአቅሙ በላይ ሲጠባ የውሃው ወለል ዝቅ ይላል፤ አየር ነክቶት ወደማያውቀው ድንጋይ አየር ይገባል። ማሳ ላይ ከሚበተነው ዩሪያ የሚመጣው ናይትሬትም ወደ ታች ከሰረገ የኦክስጅንን ሥራ ሊሠራ ይችላል። አሲድነትም ይቆጠራል፦ ውሃው አሲድ ሲሆን የብረት ኦክሳይድ ገጽ ፖዘቲቭ ይሆንና ፖዘቲቮቹን ይገፋል።

ጨው ደግሞ ወንበሩን ሁሉ ይዞ ያስለቅቃል። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሃንፎርድ የሚባል የድሮ የፕሉቶኒየም ማምረቻ አለ። ከሥሩ ያለው ድንጋይ እንደ ጎጃም የፈሰሰ ባዝልት ነው፤ ላዩ ላይ አሸዋና ጠጠር አለበት። ከመሬት ሥር ታንኮቹ ያፈተለከው ቆሻሻ በሶዲየም የጨቀየ ስለነበር፣ ያ ጎጆ ወጪ ያልነው ሲዚየም አንዳንድ ቦታ ከተጠበቀው በላይ ወደ ታች ወርዶ ተገኘ።

ጠበልና ፍል ውሃ ውስጥ ራዶን አለ ይባላል። እሱም ድንጋይ ላይ ይያዛል?

አይያዝም። ራዶን ከማንም ጋር የማይወዳጅ ጋዝ ነው። ግማሽ ዕድሜውም 3.8 ቀን ብቻ ነው። ነገር ግን እናቱ ራዲየም ድንጋዩ ላይ ትያዛለች። ስለዚህ ውሃው ከራዲየም የጸዳ ሆኖ፣ በሚያልፍበት ስንጥቅ ግድግዳ ላይ ከተያዘው ራዲየም ራዶን ሊጠጣ ይችላል። ከምንጩ ወጥቶ አየር ሲያገኝ፣ ሲንፏፏም በተለይ፣ አብዛኛው ይበናል። በማንኛውም ምንጭ ውስጥ በመጠኑ ሊኖር ይችላል። የጠበሉን በረከት ግን ራዶን አያብራራውም፤ ያ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፣ እኔም በመለኪያ መሣሪያ አልገባበትም።

ማፍላት ይጠቅማል? ጀሪካኑ ውስጥ ዋልካ ብጨምርስ?

ማፍላት ራዶንን ያባርራል፣ ጀርምንም ይገድላል። ዩራኒየምና ራዲየምን ግን አይነካም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ክሎሪንም እንዲሁ፤ ሥራው ጀርም ላይ ነው። ዩራኒየም የሚቀንሱት አዮን (ቻርጅ ያለው የሟሟ ቅንጣት) የሚቀያይሩ ማጣሪያዎችና በግፊት የሚሠሩት ባለ ስስ ሽፋን ማጣሪያዎች ናቸው።

ዋልካውን ተዉት። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፣ ግን ደቃቁ ሸክላ ቶሎ አይዘቅጥም፤ የያዘውን ይዞ አብራችሁ ትጠጡታላችሁ። ከማሳ የመጣ አፈር ደግሞ የከብት እዳሪም አለበት። እውነቱን ለመናገር፣ ገጠር ላለ ቤተሰብ ከዩራኒየም ይልቅ ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጣው ጀርም እጅግ የቀረበ ጠላት ነው። መጀመሪያ እሱን።

ሰው ይህን የድንጋይ ጠባይ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል?

ይጠቀምበታል። ጥቁር ድንጋይ ሲፈለጥ አንዳንዴ በውስጡ ሽምብራ የሚያህል ነጭ ነገር ይታያል። ላቫው ሲረጋ የጋዝ አረፋ የነበረበት ቦታ ነው፤ በኋላ በማዕድን ሞላ። ከእነዚህ ነጭ ማዕድናት አንዱ ቤተሰብ ዚዮላይት ይባላል። ዚዮላይት እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ሲዚየምና ስትሮንሺየም ቀዳዳው ውስጥ ይገባሉ። እንግሊዝ ሴላፊልድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ክሊኖፕቲሎላይት በሚባል የተፈጥሮ ዚዮላይት ከኑክሌር ጣቢያ የሚወጣውን ውሃ ያጣራሉ።

የዋልካው ዘመድም ሥራ አለው። ፊንላንድ ኦንካሎ በሚባለው፣ ከ400 ሜትር በላይ በጠለቀው ዋሻ ውስጥ፣ ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ በመዳብ ጣሳ ታሽጎ ዙሪያውን ቤንቶናይት እንዲከበብ ነው የታቀደው። ቤንቶናይት ማለት ስሜክታይት የበዛበት ሸክላ ነው። ሲረጥብ ያብጥና ስንጥቁን ሁሉ ይደፍናል። ሐምሌ ላይ ጫማችንን የሚያስወልቀን ያው ጠባይ።

ለሺህ ዓመታት ይይዛል የሚባለው በምን ተረጋገጠ? ማን ኖሮ አየ?

ተፈጥሮ ራሷ ሞክራዋለች። ጋቦን፣ ኦክሎ በሚባል ቦታ፣ የዛሬ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የዩራኒየም ክምችት በራሱ ጊዜ የኑክሌር ማብላያ ሆኖ ነደደ። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እሳቱ የወለደው ፕሉቶኒየም እዚያው እንዳለ ፈርሶ አልቋል። ከሌሎቹ ውላጆችም ብዙዎቹ ከቦታቸው እምብዛም ሳይርቁ ተገኝተዋል፤ በአካባቢው ውሃ እየሰረገ እንኳ። ሁሉም አልቀረም፤ ሲዚየምና ስትሮንሺየምን የመሰሉ ቀለል ያሉት አምልጠዋል።

ድንጋይ የሚይዘው ከሆነ ፕሉቶኒየም እንዴት 1.3 ኪሎ ሜትር ተጓዘ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው አንብቦ ነው የሚመጣው። አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1968 ከመሬት ሥር ከተፈነዳ ቦምብ የወጣ ፕሉቶኒየም፣ 30 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ 1.3 ኪሎ ሜትር ርቆ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ ተገኘ። ስሌቱ ሜትሮች ብቻ ነበር የሚለው። የሆነው ይኸው ነው፦ ፕሉቶኒየሙ በርግጥም ተጣብቋል። የተጣበቀው ግን በዓይን የማይታዩ፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው የሚሄዱ የሸክላና የዚዮላይት ብናኞች ላይ ነው። መንገደኛው ቤት ገባ፤ ቤቱ ራሱ ጎማ ነበረው።

ቀደም ሲል እመለስበታለሁ ያልኩት የቦምብ ሙከራው ሲዚየምም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከላይኛው አፈር ጋር ስለተጣበቀ ወደ ጉድጓድ ውሃ እምብዛም አይወርድም። ነገር ግን ጎርፍ አፈሩን ሲጠርግ ሲዚየሙም አብሮ ይሄዳል። የዓለም ተመራማሪዎች የአፈር መሸርሸርን የሚለኩት በዚህ ነው፤ ሲዚየሙ ከጎደለ አፈሩ ሄዷል። ነሐሴ ላይ የደፈረሰውን ዓባይ ድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ምን ያህል አፈር እንደሚሄድ አይጠይቅም።

ስለዚህ ጉድጓዳችሁን ልታስመረምሩ ናሙና ስትወስዱ ሁለት ጠርሙስ ያዙ። አንዱን 0.45 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጥለያ አጥልሉ፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። የሁለቱ ልዩነት ብናኝ ላይ ተሳፍሮ የሚሄደውን ያሳያል፤ እጅግ ደቃቁ ግን ማጥለያውንም ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱም ላይ ላብራቶሪው የሚሰጣችሁን ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጨምሩ። አንድ ጊዜ አሲዱን ረስቼ ከውጤቱ ጋር ስታገል ሰነበትኩ። ውሃው ውስጥ የነበረው ከፊሉ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር።